የጥሎ ማለፍ ዋንጫና የዳር ከተሞች ዕድል፦ ከጆርጂያ ክለቦች ልምድ ወደ አምቦና ወደ ምዕራብ ሸዋ ከተሞች

መግቢያ

የእግር ኳስ ውድድር በአደረጃጀቱ በሁለት ዐበይት ዘርፎች ይከፈላል። አንደኛው ሊግ ነው፤ እያንዳንዱ ክለብ ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ተጫውቶ ነጥብ የሚያጠራቅምበት። ሁለተኛው ጥሎ ማለፍ ነው፤ የተሸነፈው ወዲያው ተሰናብቶ ያሸነፈው ወደሚቀጥለው ዙር የሚያልፍበት። በሀገራችን ስለ ሊጉ ብዙ ይነገራል፣ ብዙም ይጻፋል። የኢትዮጵያ ዋንጫ ግን ከሊጉ እምብዛም የማያንስ ዕድሜ እያለው ስሙ ጎልቶ የሚነሣው የፍጻሜው ጨዋታ ሲቃረብ ብቻ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ ብሔራዊ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ከዋና ከተማ ውጭ ላሉና በላይኛው የሊግ እርከን ክለብ ለሌላቸው ከተሞች ሊጉ የማይሰጠውን ምን ይሰጣል? ለማሳያነት የተመረጡት አምቦና የምዕራብ ሸዋ ዞን ከተሞች ናቸው። ለንጽጽር ደግሞ የካውካሰሷ ሀገር የጆርጂያ ክለቦች ታሪክ ቀርቧል። የጆርጂያ ክለቦች በመጀመሪያ በሶቪየት ኅብረት ዋንጫ የዳር ተወዳዳሪዎች ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ደግሞ የራሳቸውን ዋንጫ አቋቁመው ለትናንሽ ከተሞቻቸው በር ከፍተዋል። ስለዚህ የጥያቄውን ሁለት ገጽታ በአንድ ሀገር ታሪክ ውስጥ ለማየት ያስችላሉ።

የጽሑፉ ዋና ነጥብ አስቀድሞ ሲገለጽ ይህ ነው፦ ሊጉ በተመረጡ ጥቂት ከተሞች ተሰብስቦ በሚካሄድበት በአሁኑ ዘመን ትልቅ ክለብን ወደ ትንሽ ከተማ ሜዳ ሊያመጣ የሚችለው ውድድር ጥሎ ማለፍ ብቻ ነው። ይህ የሚሆነው ግን በራሱ ሳይሆን በሁለት የውድድር ሕጎች አማካይነት ነው፤ እነርሱም የመግቢያ ሕግና የባለሜዳነት ሕግ ናቸው።

የጥሎ ማለፍ አሠራር በቁጥር

በ16 ክለቦች መካከል በደርሶ መልስ የሚካሄድ ሊግ 240 ጨዋታዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክለብም 30 ጊዜ ይጫወታል። በጥሎ ማለፍ ግን እያንዳንዱ ጨዋታ አንድ ክለብ ስለሚያሰናብት የጨዋታዎቹ ብዛት ከተወዳዳሪዎቹ ብዛት በአንድ ያነሰ ነው። 64 ክለቦች የሚሳተፉበት ዋንጫ በ63 ጨዋታዎችና በ6 ዙር ይጠናቀቃል። ከእነዚህም ክለቦች መካከል ግማሾቹ፣ ማለትም 32ቱ፣ የሚጫወቱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ የአነስተኛ ከተማን በጀት ለሚያስተዳድር አካል ትልቅ ትርጉም አለው። በሊግ መሳተፍ የዓመት የመጓጓዣ፣ የማረፊያና የደመወዝ ወጪ ሲጠይቅ በዋንጫ መሳተፍ በትንሹ የአንድ ጉዞ ወይም የአንድ መስተንግዶ ወጪ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ልዩነት ያልተጠበቀ ውጤት ከመገኘቱ ዕድል ጋር የተያያዘ ነው። ለማስረዳት ያህል አንድ የበታች ሊግ ክለብ ከአንድ ትልቅ ክለብ ጋር ገጥሞ የማለፍ ዕድሉ ከአራት አንድ፣ ማለትም 25 በመቶ፣ ነው ብለን እናስብ። ሁለቱ ክለቦች ሦስት ጊዜ ተገናኝተው ሁለቱን ያሸነፈ ያልፋል ቢባል የደካማው ዕድል ወደ 16 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ጨዋታው በበዛ ቁጥር የአቅም ልዩነት እየጎላ፣ የአጋጣሚ ድርሻ እየቀነሰ ይሄዳል። ሊግ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ከ30 ጨዋታ በኋላ ከላይ የሚገኘው ክለብ በአብዛኛው የተሻለ ተጫዋች፣ የተሻለ አሠልጣኝና የተሻለ በጀት ያለው ነው። ጥሎ ማለፍ ግን ጉዳዩን በአንድ ቀን፣ በ90 ደቂቃ፣ አንዳንድ ጊዜም በመለያ ምት ስለሚቋጨው ለደካማው ቀዳዳ ይተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። በመጀመሪያው ዙር 8 የበታች ሊግ ክለቦች 8 ትልልቅ ክለቦችን ቢገጥሙና የእያንዳንዳቸው የማለፍ ዕድል 25 በመቶ ቢሆን ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ የማለፉ ዕድል 90 በመቶ ነው። ለአንድ ከተማ ለብቻዋ ሲታይ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ለውድድሩ በአጠቃላይ ሲታይ ግን አንድ ትልቅ ክለብ በአንድ ትንሽ ከተማ ክለብ መውደቁ እርግጠኛ ለመሆን የቀረበ ነው። የትኛዋ ከተማ እንደምትሆን አስቀድሞ አይታወቅም፤ ለዋንጫው ጣዕም የሚሰጠውም ይህ ነው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተወሰዱ ግምቶች ቢሆኑም ከእነርሱ የሚገኘው ድምዳሜ በግምቱ መጠን ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም፤ የበታች ክለቦች ቁጥር በዛ ባለ መጠን ቢያንስ አንዱ የማለፉ ዕድል ያድጋል።

የኢትዮጵያ ዋንጫ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሶዶና ወደ ጎንደር

የኢትዮጵያ ክለቦች እግር ኳስ የተወለደው በአዲስ አበባ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት መሥራቾቹ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተጀመረው ሻምፒዮናም በዋና ከተማዋ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች ክለቦች የተገናኙበት ነበር፤ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የብሪታንያ የጦር ልዑካን ቡድን ተሰልፈዋል። ብዙም ሳይቆይ የጥሎ ማለፍ ዋንጫው ተከተለ። ስለዚህ ሁለቱም ውድድሮች ከመነሻቸው የአንድ ከተማ ውድድሮች ነበሩ፤ ሀገር አቀፍ መልክ የያዙት በሂደት ነው። ዛሬ የምናውቀው ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ሲሆን ከሥሩ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግና የክልል ውድድሮች ይገኛሉ።

በሊጉ ታሪክ የአዲስ አበባ ክለቦች የበላይነት ግልጽ ነው። ደጋፊዎቹ «ፈረሰኞቹ» የሚሉት ቅዱስ ጊዮርጊስ ብቻውን ወደ 30 የሚጠጋ የሻምፒዮንነት ክብር አለው። በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ውድድር የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብም እርሱ ነው። ከዋና ከተማዋ ውጭ ያሉ ክለቦች ሊጉን ማሸነፍ የቻሉት ከረጅም ጊዜ ግንባታ በኋላ፣ ያውም አልፎ አልፎ ነው።

የዋንጫው መንገድ ግን አጭር ነው። የወላይታ ድቻ ጉዞ ይህን በሚገባ ያሳያል። በወላይታ ሶዶ የተመሠረተው ይህ ክለብ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። ዋንጫው የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ተሳትፎን ስለሚያስገኝ በቀጣዩ ዓመት የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አልፎ ከግብጹ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ። በሀዋሳ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ በካይሮ በተመሳሳይ ውጤት ተሸነፈ፤ በመለያ ምትም 4 ለ 3 አሸንፎ የአህጉሪቱን አንጋፋ ክለብ አሰናበተ። በሚቀጥለው ዙር በታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ቢሸነፍም በሊግ ደረጃው ብቻ ቢመዘን ኖሮ ያ ምሽት ባልተገኘ ነበር። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ዋንጫውን አሸንፎ በኮንፌዴሬሽን ካፕ ከታንዛኒያው አዛም ጋር ተጋጥሟል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ዝርዝር አለ። ወላይታ ድቻ ዛማሌክን ያስተናገደው በሶዶ ሳይሆን በሀዋሳ ነበር፤ ፋሲል ከነማም አዛምን የተቀበለው በጎንደር ሳይሆን በባሕር ዳር ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ለስታዲየሞች የሚያስቀምጠው መስፈርት ባለድሉን ክለብ ከከተማው ያርቀዋል። ከተማው ስሙን ያገኛል፤ ጨዋታውን ግን አያይም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ ላይ እንመለሳለን።

ዋንጫው በማይኖርበት ጊዜ ምን እንደሚጠፋም ታይቷል። የ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ምክንያት ከተሰረዘ በኋላ ዋንጫው ሳይካሄድ ቆይቶ የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ያን ዓመት ኢትዮጵያ ቡና በፍጻሜው ወላይታ ድቻን አሸንፎ ዋንጫውን ወስዷል። በመካከል ባሉት ዓመታት የኮንፌዴሬሽን ካፑ ቦታ በሊጉ ሁለተኛ ለወጡት፣ በተከታታይ ለኢትዮጵያ ቡና፣ ለፋሲል ከነማና ለባሕር ዳር ከተማ፣ ተሰጥቷል። ክለቦቹ ቦታውን በአግባቡ ያገኙት ቢሆንም በጥሎ ማለፍ በኩል ይገባ የነበረው ያልታሰበ እንግዳ መግቢያው ተዘግቶበት ነበር። ዋንጫው ሲቋረጥ የሚጎዳው ትልቁ ክለብ አይደለም፤ ትልቁ ክለብ ሌላ መንገድ አለው።

የጆርጂያ ክለቦች ልምድ

ጆርጂያ የሕዝቧ ቁጥር ከ4 ሚሊዮን በታች የሆነ ሀገር ናት። በሶቪየት ዘመን ክለቦቿ ከሞስኮና ከኪየቭ ኃያላን ጋር በአንድ ሊግ ይጫወቱ ነበር። ዋናው ክለብ ዲናሞ ትብሊሲ በዚያ ሰፊ ሊግ ሻምፒዮን የሆነው በ1964 እና በ1978 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። የሶቪየት ዋንጫን ደግሞ በ1976 እና በ1979 አሸንፏል። የ1979ኙ ድል ወደ አውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ አስገባው፤ በዚያም ግንቦት 13 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በጀርመን ዱሰልዶርፍ ከተማ የምሥራቅ ጀርመኑን ካርል ዛይስ ዬናን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ ወደ ትብሊሲ ወሰደ። በወቅቱ ትብሊሲ ለሞስኮ ዳር ነበረች፤ ከዳር ተነሥታ ወደ አውሮፓ የደረሰችውም በጥሎ ማለፍ በኩል ነው።

ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጆርጂያ ክለቦች ከሶቪየት ውድድሮች ወጥተው የራሳቸውን ሊግና ዋንጫ ሲያቋቁሙ ግንኙነቱ ተገለበጠ። አሁን ትብሊሲ መሐል ሆነች፤ ዳሮቹ የሀገሪቱ ትናንሽ ከተሞች ሆኑ። የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሣውም ዲናሞ ሳይሆን ጉሪያ ላንችኹቲ ነበር። ላንችኹቲ በምዕራብ ጆርጂያ የምትገኝ፣ ነዋሪዎቿ ከ10 ሺህ የማይበልጡ ከተማ ናት። በኋላም በ2017 ሌላዋ ትንሽ ከተማ ሳችኸሬ ቺኹራ በተባለው ክለቧ አማካይነት ዋንጫውን አግኝታለች። ዛሬ ዋንጫው የሚጠራው በ1981 ቡድን አባልነቱ በሚታወቀውና በ2001 በመኪና አደጋ ሕይወቱ ባለፈው በዳቪት ኪፒያኒ ስም ነው።

ከሁሉም በላይ አስተማሪ የሆነው የጋግራ ክለብ ጉዳይ ነው። ጋግራ በጥቁር ባሕር ዳርቻ፣ በአብካዝያ የምትገኝ ከተማ ናት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በተካሄደው ጦርነት ምክንያት በርካታ ጆርጂያውያን ከአካባቢው ተፈናቅለዋል፤ ስሟን የያዘው ክለብም የሚገኘው በትብሊሲ ነው። ይህ ክለብ በ2011 እና በ2020 የጆርጂያን ዋንጫ ሁለት ጊዜ ሲያሸንፍ በሁለቱም ጊዜያት የሚጫወተው በሁለተኛው እርከን ነበር። በ2011 ድሉ ምክንያት ወደ አውሮፓ ሊግ ማጣሪያ ገብቶ በቆጵሮሱ አኖርቶሲስ በድምር ውጤት 3 ለ 2 ተሸነፈ፤ ሆኖም በመልሱ ጨዋታ 2 ለ 0 አሸንፎ ነው የወጣው።

ከእነዚህ ታሪኮች ሁለት ነገሮችን መለየት ይቻላል። አንደኛ፣ የጆርጂያ ዋንጫ ለበታች እርከኖች ክፍት ባይሆን ኖሮ የጋግራ ድል በመርሕ ደረጃም አይታሰብም ነበር፤ ውድድሩን ያልገባ ክለብ ሊያሸንፈው አይችልም። ሁለተኛ፣ ዋንጫው ሊጉን አልተካም። ዲናሞ ትብሊሲ ዛሬም በሊግም ሆነ በዋንጫ ብዛት ከሀገሪቱ ክለቦች ሁሉ ይልቃል። ጥሎ ማለፉ ያደረገው የበላይነቱን ማፍረስ ሳይሆን በየጥቂት ዓመቱ ክፍተት ማበጀት ነው።

ምዕራብ ሸዋ፦ የፋብሪካ ክለብና የከተማ ክለብ

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የከተማዋ ነዋሪ 48 ሺህ ገደማ፣ የዞኑ ሕዝብ ደግሞ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። ይህም በአንድ ዞን ውስጥ ብቻ የጆርጂያን ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚያህል ሕዝብ አለ ማለት ነው። ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ፣ አምቦ፣ ጉደር፣ ጌዶና ባኮ ተከታትለው ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው ከላንችኹቲ ጋር በሕዝብ ብዛት ሊነጻጸሩ ወይም ሊበልጡ የሚችሉ ከተሞች ናቸው።

ይሁንና ዞኑ በፕሪሚየር ሊጉ ታሪክ የሚታወቀው በእነዚህ ከተሞች አይደለም፤ በአዳ በርጋ ወረዳ በሚገኘው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ ስም በሚጠራው ክለብ ነው። ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1976 ዓ.ም. ነው። ሙገር ሲሚንቶ እግር ኳስ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ለበርካታ ዓመታት ተጫውቶ በ2007 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ወረደ። የፋብሪካ ክለብ ጥንካሬም ድክመትም በዚህ ታሪክ ይታያል። ደመወዝ ከድርጅቱ ስለሚመጣ በደጋፊ ብዛት ያልተወሰነ አቅም አለው፤ በአንጻሩ ዕጣው ከድርጅቱ ውሳኔ ጋር የተሳሰረ ነው። አብዛኛውን ጊዜም የፋብሪካ ክለብ የሚጫወተው ትልልቅ ሜዳዎች ባሉባት አዲስ አበባ ስለሆነ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያለው ትስስር በስም ላይ ያመዘነ ይሆናል።

አምቦ ከተማ እግር ኳስ ክለብ በበኩሉ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉት እርከኖች የሚወዳደር የከተማ ክለብ ነው። እንዲህ ያለ ክለብ እንደ ብዙዎቹ የሀገራችን የከተማ ክለቦች በከተማ አስተዳደር በጀት ላይ የተመሠረተ ነው። ደጋፊው ቅርብ ነው፤ ገንዘቡ ግን ውሱን ነው። ተሰጥኦ ያለው ወጣት ሲታይም ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ባለ በጀት ክለብ መሄዱ የተለመደ ነው።

የአትሌቲክስ ጉዳይ እዚህ ላይ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆናል። የጀልዱው ተወላጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2016 እ.ኤ.አ. በሪዮ ኦሎምፒክ በማራቶን የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ሯጭ ሰዓቱ ይመሰክርለታል፤ በየትኛውም ቦታ የተመዘገበ ሰዓት ከሌላ ቦታ ሰዓት ጋር ሊወዳደር ይችላል። የእግር ኳስ ተጫዋች ግን ሰዓት የለውም። ችሎታው የሚለካው ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር ሲገናኝ ነው። ጠንካራ ተጋጣሚ የማያገኝ የከተማ ክለብ ተጫዋቹን ሊያስመሰክርለት አይችልም። ከዚህ አንጻር ለምዕራብ ሸዋ ወጣት ተጫዋች አንድ የዋንጫ ጨዋታ ከውጤቱ በፊት መለኪያ ነው።

ሁለት ወሳኝ ሕጎች

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በቴሌቪዥን የቀጥታ ሥርጭትና በወረርሽኙ ጥንቃቄ ምክንያት ክለቦች በተመረጡ ከተሞች ተሰብስበው በዙር የሚጫወቱበት ሆኗል። በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ አስተናግደዋል። ከፍተኛ ሊጉም ተመሳሳይ አካሄድ ተከትሏል። ይህ አሠራር ለሥርጭትም ለጸጥታም ምቹ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሊግ ዕድገትን ትርጉም ለውጦታል። ቀድሞ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማደግ ማለት ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በዓመት አንድ አንድ ጊዜ ወደ ከተማህ ይመጣሉ ማለት ነበር። አሁን አንድ የምዕራብ ሸዋ ክለብ ነገ ቢያድግ እንኳ ከእነርሱ ጋር የሚገናኘው በሌላ ከተማ ሜዳ ነው። የአምቦ ወይም የጊንጪ ደጋፊ ክለቡን የሚያየው በቴሌቪዥን ይሆናል።

ጥሎ ማለፍ እንዲህ ዓይነት አደረጃጀት አያስፈልገውም። አንድ ጨዋታ አንድ ሜዳ፣ አንድ ቀንና ሁለት ቡድን ብቻ ይፈልጋል። ስለዚህ በሀገሪቱ የውድድር መርሐ ግብር ውስጥ ትልቅ ክለብን ወደ ትንሽ ከተማ ሊያደርስ የሚችል የቀረው መንገድ ዋንጫው ነው። ይህ እንዲሆን ግን ሁለት ሕጎች አስፈላጊ ናቸው።

የመጀመሪያው የመግቢያ ሕግ ነው። ዋንጫው በላይኛው እርከን ክለቦች ብቻ ከተወሰነ የሊጉ አጭር ድግግሞሽ ይሆናል። በብዙ ሀገሮች የተለመደው አሠራር የበታች ክለቦች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ጀምረው የላይኞቹ ዘግይተው እንዲገቡ ማድረግ ነው። ይህም የትልልቅ ክለቦችን የጨዋታ ጫና ሳይጨምር የተወዳዳሪዎችን ቁጥር ያበዛል። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በአካባቢ መክፈል ደግሞ ወጪውን ይቀንሳል፤ ለምሳሌ የምዕራቡ መስመር ክለቦች እርስ በርሳቸው ተጋጥመው አሸናፊው ወደ ብሔራዊው ዙር ሊያልፍ ይችላል። ከአምቦ ጉደር፣ ከጊንጪ አምቦ ለመሄድ ማረፊያ አያስፈልግም፤ ጠዋት ተነሥቶ ማታ መመለስ ይቻላል።

ሁለተኛው የባለሜዳነት ሕግ ነው። በፈረንሳይ ዋንጫ በዕጣ የተገናኙት ክለቦች የሁለት እርከን ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካላቸው ጨዋታው በበታቹ ክለብ ሜዳ ይካሄዳል። በዚህ ውድድር በ2000 እ.ኤ.አ. በአራተኛው እርከን ይጫወት የነበረው የካሌ አማተር ክለብ እስከ ፍጻሜው ደርሶ በናንት 2 ለ 1 ተሸንፏል። ሕጉ የሚያስገኘው ጥቅም ከማሸነፍ ዕድል በላይ ነው። ከላይ በቀረበው ምሳሌ ባለሜዳነት የማለፍን ዕድል ከ25 ወደ 30 በመቶ ቢያሳድግ ከስምንቱ ቢያንስ አንዱ የማለፉ ዕድል ከ90 ወደ 94 በመቶ ብቻ ነው የሚያድገው። ትልቁ ለውጥ ሌላ ነው፦ ስምንቱም ከተሞች፣ ያሸነፉትም የተሸነፉትም፣ ጨዋታውን በሜዳቸው ያያሉ። የመግቢያ ክፍያው፣ የሻይ ቤቱና የሆቴሉ ገቢ፣ የሕፃናቱ ትዝታ የሚቀረው በከተማዋ ነው።

የወላይታ ድቻና የፋሲል ከነማ ምሳሌ እዚህ ላይ ትርጉሙ ይጎላል። የአህጉር ጨዋታ በካፍ መስፈርት ስለሚመራ ወደ ሶዶም ወደ ጎንደርም አልሄደም። የሀገር ውስጥ ዋንጫ ግን የሚመራው በሀገር ውስጥ ሕግ ነው። አፍሪካዊው መስፈርት የሚከለክለውን የከተማ ቀን ብሔራዊው ዋንጫ ሊፈቅደው ይችላል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

በዚህ ሐሳብ ላይ ቢያንስ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው የሜዳ ጥራት ነው። የትናንሽ ከተሞች ሜዳዎች ብዙዎቹ የተስተካከለ ሣር፣ መልበሻ ክፍልና አጥር የሌላቸው ናቸው፤ ውድ ተጫዋቾች ያሏቸው ክለቦች ጉዳት ቢፈሩ አይፈረድባቸውም። መልሱ ዝቅተኛ መስፈርት አስቀምጦ ያንን ላሟላ ከተማ ብቻ ባለሜዳነትን መስጠት ነው። እንዲያውም ግልጽ የሆነ ዝቅተኛ መስፈርት የከተማ አስተዳደሮችን ወደ ሜዳ ግንባታ የሚገፋ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ውጤቱ ሩቅ የሆነ የሊግ ዕድገት ሳይሆን በሚቀጥለው ዓመት ሊመጣ የሚችል አንድ ጨዋታ ነው።

ሁለተኛው የጸጥታ ጉዳይ ነው። ጨዋታዎችን በጥቂት ከተሞች መሰብሰብ የጉዞን አደጋ እንደሚቀንስ አይካድም፤ በምዕራብ ኦሮሚያ ለዓመታት የቆየው አለመረጋጋትም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም በአካባቢ የተከፈሉ የመጀመሪያ ዙሮች ጉዞን ያሳጥራሉ። ባለሜዳነትም እንደ ሁኔታው ሊተላለፍ የሚችል መብት እንጂ የማይለወጥ ግዴታ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይበልጥ መሠረታዊ ነው፦ አንድ የዋንጫ ቀን ክለብ አይገነባም። ይህ እውነት ነው፤ የሙገር ሲሚንቶ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። በላይኛው እርከን ለዓመታት መቆየት እንኳ ዘላቂ መሠረት ካልተጣለለት በአንድ የውድድር ዘመን ሊቋረጥ ይችላል። ጋግራም ሁለት ዋንጫ ስላነሣ ከዲናሞ ትብሊሲ ጋር የሚስተካከል ክለብ አልሆነም። ዋንጫው የወጣቶች ሥልጠናን፣ የአሠልጣኞችን ትምህርትና የክለቦችን የፋይናንስ ነጻነት አይተካም። የሚሰጠው እነዚህ ሥራዎች ሲሠሩ ፍሬያቸው የሚታይበትን መድረክ ነው፤ መድረክ በሌለበት ደግሞ ሥራው በጀት ለማግኘት ይቸገራል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ትንተና የሚያሳየው የጥሎ ማለፍ ዋንጫ ዋጋ በዋንጫው ብርና በአሸናፊው ስም ብቻ የሚለካ እንዳልሆነ ነው። ዲናሞ ትብሊሲ ከሞስኮ ጥላ ሥር የወጣው፣ ላንችኹቲ ከትብሊሲ የቀደመችው፣ ወላይታ ድቻ ዛማሌክን ያሰናበተው በአንድ ዓይነት በር ነው። በሩ የተከፈተው በአጋጣሚ ሳይሆን በውድድር ሕግ ነው፤ የትኛው ክለብ ይገባል፣ ጨዋታውስ የት ይካሄዳል የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ከተመለሱ በኋላ የቀረውን ዕጣና ኳስ ይወስኑታል።

ለአምቦና ለምዕራብ ሸዋ ከተሞች ጥያቄው ዋንጫውን መቼ እናነሣለን የሚል መሆን የለበትም። ከላይ እንደታየው የአንዲት ከተማ የማሸነፍ ዕድል ጠባብ ነው፤ ለአራት ተከታታይ ዙሮች በ25 በመቶ ዕድል ማለፍ ከ250 አንድ ጊዜ ገደማ የሚገኝ ውጤት ነው። ተጨባጩ ጥያቄ ዝቅ ያለና ሊመለስ የሚችል ነው፦ ስማችን በዕጣው ውስጥ አለ ወይ? ዕጣው ትልቅ ክለብ ቢያወጣልን ጨዋታው በሜዳችን ይካሄዳል ወይ? ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ በፌዴሬሽን የውድድር ደንብ ውስጥ በሁለት አንቀጽ ሊጻፍ ይችላል። ለቀጣይ ጥናትም በየክልሉ በበታች እርከን የሚጫወቱ ክለቦች የሜዳ ሁኔታና የአንድ ጨዋታ ትክክለኛ ወጪ ቢመዘገብ እዚህ በግምት የቀረቡትን ቁጥሮች በመስክ መረጃ ለመተካት ያስችላል።